ዓመት የሞላው ጉልበት

«ዓመቱ ሞልቷል፤ እንግዲህ አስገቢልኝ» አሉ ጋሽ ጂግሶ፣ የሱሪያቸውን ግራ እግር እስከ ጭናቸው ጠቅልለው። የሚናገሩት ለእህቴ ለምሕረት ነው። እሷ ደግሞ የምታየው እኔን ነው።

ማስረዳት የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የመብራት ቆጣሪውን፣ የዝውውር ደብዳቤውን፣ የስልኩን ጥቅል፣ ማንም ሳይጠይቀው ዘርዝሮ የሚያስረዳችሁ? እኔ አንዱ ነኝ። ያልገባው ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ምላሴን ይበላኛል። አዳማጬ በመጨረሻ «አሃ!» ካለልኝ ምሳ ባልበላም አይቆጨኝም። ያ «አሃ» ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ያወቅሁት ግን ባለፈው ቅዳሜ፣ ዲላ፣ እኔና ምሕረት በተከራየነው ቤት ውስጥ ነው።

ጋሽ ጂግሶ የእናታችን ወንድም ናቸው። ቡናና እንሰታቸው ያለው ይርጋጨፌ አጠገብ፣ ኢዲዶ ነው፤ ፍየል እንኳን አስባ በምትወርደው ዳገት ላይ። ዕድሜ ልካቸውን ያንን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ፣ በጉልበታቸው አጥንቶች መካከል ያለው ልም አጥንት አለቀ። ሐኪሙ «ዳገት ይብቃዎት» አላቸው። አንድ ልጃቸው ታሪኩ፣ ወናጎ ቢሮ የሚሠራው፣ ሜዳ ላይ ካለው ቤቱ ጓሮ አንድ ክፍል አዘጋጅቶ «አባዬ፣ ውረድና እኔ ጋ ኑር» ይላቸዋል። እሳቸው ግን ለመሬታቸው ጀርባ መስጠት አይሆንላቸውም።

ታዲያ አምና ሊጠይቁን መጥተው «ይቺ ልጅ ምንድን ነው የምትማረው?» አሉ። ምሕረት ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ልታስረዳቸው ሞከረች፤ ከአምስት ቃል አራቱ እንግሊዝኛ ሆነባት። እዚህ ላይ ነው እኔ ዘው ያልኩት።

«ጋሼ፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልወሰኑ ሕዋሶች አሉ። ልም አጥንት እንዲሆኑ የሚነግራቸው መድኃኒት ያስፈልጋል። ሕዋሶቹ ተከምረው ሳሉ መድኃኒቱን ከውጭ ቢያፈሱባቸው፣ የዳሮቹ ይጠግባሉ፣ የመሃሎቹ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ምሕረት ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን እንክብሎች ከቡላ ትሠራለች። መድኃኒቱን እንክብሎቹ ውስጥ ታደርጋለች፣ እንክብሎቹን ከሕዋሶቹ ጋር ትደባልቃለች። ከመሃል ሆነው ቀስ እያሉ ይለቁታል።»

እንዳልገባቸው ከፊታቸው አየሁ። ያን ጊዜ የቀረውን ጨመርኩ። «የእንሰት ችግኝ ሲያፈሉ ሥሩን፣ አሚቾውን ቆርጠው ልቡን አውጥተው፣ ፍጉን እዚያው ሆዱ ውስጥ አይቀብሩም? እንደዚያ ነው።»

«አሃ!» አሉ።

እንዴት ያለ «አሃ» መሰላችሁ! ከአማካሪዋ ቀድሞ ገባቸው ብላ ምሕረት ራሷ ሳቀች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሥራው ገና በቤተ ሙከራ የብርጭቆ ሳህን ላይ መሆኑን፣ ወደ ማንም ሰው ጉልበት አለመግባቱን ሳልነግራቸው ቀረሁ። ትንሽ ነገር መስሎኝ።

ጋሽ ጂግሶ ግን ገበሬ ናቸው። እንሰት ነው ከተባሉ በእንሰት ነው የሚቆጥሩት። አሚቾው ተቀብሮ፣ ችግኙ ወጥቶ፣ ተነቅሎ እስኪተከል አንድ ዓመት ይፈጃል። ታሪኩን «ዓመት ጠብቀኝ» አሉት። ለጸሎት ጓደኞቻቸውም ይህንኑ ነገሩ። ቅዳሜ ዕለት እግራቸውን ታጥበው፣ ለምሕረት መሥሪያ የሚሆን ቡላ በኮባ ጠቅልለው መጡ። ታሪኩም ከኋላቸው ተከትሎ መጣ። ተስፋው ሲቆረጥ ወደ ወናጎ ሊወስዳቸው።

«ዓመት ሙሉ መንደሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ» አለ ታሪኩ። «አባትህ ጉልበት ሊያበቅል ነው አሉ፣ ሲበዛ ለእኛም ያካፍለን እያሉ።»

«አንተ ዝም በል» አሉት። «ያንተ ጉልበት ከነካርቶኑ ነው ያለው።»

ምሕረት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ጉልበታቸው አጠገብ።

«ጋሼ፣ ሳህን ላይ ነው ያለው። ሰው ላይ አልተሞከረም።»

«በኔ ጀምሪያ።»

«አልችልም። እጎዳዎታለሁ።»

«ስንት ዓመት ልጠብቅ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። እኔ ብሆን ቢያንስ ምሳሌ እፈልግ ነበር። «አላውቅም» አለች። «ለእርስዎ አይደርስም፣ ጋሼ።»

ሱሪያቸውን አንድ አንድ እጥፉን እየፈቱ አወረዱት። ቀና ሳይሉ «አንተስ?» አሉኝ። «ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። መናገሩ ትዝ አላለኝም።»

«ጥሩ ትናገራለህ» አሉኝ። ሙገሳ እንዳልሆነ እናንተም ይገባችኋል።

ቡላውን ለምሕረት ሰጧት። «ሥሪበት፤ ለሚደርስለት ሰው» አሏት።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። ታሪኩ የአባቱን ቦርሳ ይዞ፣ ስለ ክፍሉ ቀለምና ስለ ደጁ ሜዳነት ሲያወራ ሄደ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው እግራቸውን ወደ መተላለፊያው ዘረጉ።

«የት ናችሁ?» አለ ሾፌሩ።

«ወናጎ፣ ሁለት ሰው» አለ ታሪኩ።

«ይርጋጨፌ» አሉ ጋሽ ጂግሶ ከውስጥ። «ሁለት ሰው።»

«አባዬ፣ ሰኞ እኮ ሥራ አለኝ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። ቡናው ቀልቷል፤ ለቃሚ የለም። ግባ።»

ታሪኩ ዞሮ እኔን አየኝ፣ አንድ ነገር በልልኝ በሚል ዓይን። ከመናገሬ በፊት ምሕረት እግሬን ረገጠችኝ። ታሪኩ የሚያብለጨልጭ ጫማውን አየ፣ አባቱን አየ፣ ቦርሳውን አቅፎ አጎነበሰና ገባ።

በሩ ተንሸራተተና ጓ ብሎ ተዘጋ።