ኤዋልድና የተሰቀለችው ኳስ

አጥቂ የሚባል ፍጥረት ስቶ አያውቅም። ይሄንን ከእኔ ስሙ። ዕድሜ ልኬን ከስታዲየሙ በር ፊት ለፊት ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጬ ቢራና ጋዜጣ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። በረኛ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ተከላካይ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቻለሁ። ዳኛ እንኳ አንዴ ሞቅ ብሎት «ተሳስቼ ነበር» ሲል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጥቂ ግን? ባዶ ጎል ፊት ቆሞ ኳሷን ወደ ደመና ቢልካት፣ ጎሉ ነው ቦታውን የለቀቀው።

የእኛ ሰፈር ክቡር አጥቂ ኤዋልድ ግራቦሽ ይባላል። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም፤ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት የሚመስለው፣ ሰላም ስትሉት ፊርማ የፈለጋችሁ መስሎት እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን የሚዳብስ።

«ሣሩ ነው!» ይላል ሲስት። ሣሩ ካልሆነ ነፋሱ ነው። ነፋስ ከሌለ የበረኛው ማልያ ቀለም ዓይን ይወጋል። ታኬታው ጠቦታል፣ ከበሮ መቺው አደናግሮታል፣ ፀሐይዋ የተጋጣሚ ደጋፊ ናት። አንዴ ከጎሉ አፍ ላይ፣ እኔ በዚህ ወገቤ የማገባትን ኳስ ሳታትና ምን ቢል ጥሩ ነው? «የእትዬ ኤርና ባል ርግቦች ጥላቸውን ጣሉብኝ!» ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለውድድር የሚያበራቸው ርግቦች ነበሩት፤ ከእኔ አስበልጦ ነበር የሚወዳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤዋልድ ባሌን ሰላምታ ነሳው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ኤዋልድ ራሱ መጥቶ እጁን ዘረጋለትና «ግድ የለም፣ ለርግቦቹ ይቅርታ አድርጌላቸዋለሁ» አለው። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አንዲትን ነገር ብቻ ሲወቅስ ሰምቼው አላውቅም፤ ኳሷን። «ኳሷ ምን አደረገች?» ይላል፣ ልጁን የሰደቡበት ይመስል።

አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። እሱም አንድ ክረምት ጉድጓድ ወርዶ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ከዚያ ክለባችን ወሰደው። እግሩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለመራመድ ያህል የተሰራ እግር ነው። ጭንቅላቱ ግን! ከኪዮስኬ ኋላ ያለው ግቢ የጋራችን ነው፤ መሃሉ ላይ ምንጣፍ ሰቅለን አቧራውን በዱላ የምናራግፍበት የብረት ዘንግ አለ። እዚያ ብረት ላይ በገመድ ኳስ ሰቀለ። ከልምምድ ይመለሳል፣ ማልያውን ሳይቀይር ኳሷ ፊት ይቆማል፣ በግንባሩ ዱፍ! ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፤ ዱፍ! እኔ በአንዱ ጫፍ ምንጣፍ እደበድባለሁ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ኳስ። ሚስቱ ሮስቪታ «እራት ቀረበ!» ብላ በመስኮት ጮኻ ጮኻ ትተወዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሬው ይታያል። ኳሷ ከማዕዘን ስትሻማ ከሁሉም በላይ የሚወጣው የሱ ጭንቅላት ነው። ስታዲየሙ ስሙን ሲጮህ የኪዮስኬ ጠርሙሶች ይንጫጫሉ። የትልቁ ከተማ ክለብ መጥቶ ወሰደው። ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ የፀጉር ኮሌታ ያለው ካፖርት ለብሶ ሊያሳየን መጣ። ከዚያ ጉልበቱ ተሰበረ። መርፌ እየወጉት ተጫወተ። ለሌላ ከተማ ሸጡት፣ ከዚያ ለሌላ፤ ከተማው እያነሰ፣ ካፖርቱ እያረጀ ሄደ። መጨረሻ ላይ ካፖርቱ ኮሌታ አልባ ሆኖ ወደኛው ተመለሰ። እኛ ደግሞ እንደ ንጉሥ ተቀበልነው፤ ሌላ ማን አለን?

ያኔ ኳስ የቆዳ ነበረች። ዝናብ ስትጠግብ ድንጋይ ናት። ከወረድንበት ዲቪዚዮን ያወጣችንን ጎል ያገባው በእንደዚያ ያለ ዝናብ ነው። በቴስታ ገጫት፤ ኳሷ መረብ ውስጥ፣ እሱ ጭቃ ውስጥ። ተነሳ፣ ሮጠ፣ ሄዶ ማንን ቢያቅፍ ጥሩ ነው? የተጋጣሚውን በረኛ! ጎል የገባበትን ሰውዬ ጉንጩን ሳመው። ማታውን እዚሁ መስኮት ላይ ቢራ ሊጠጣ መጣና ጎንበስ ብሎ፣

«እትዬ ኤርና፣ ማን አሸነፈ?» አለኝ።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያገባኸው!»

«አውቃለሁ። ልፈትንሽ ብዬ ነው።»

ሰው ሁሉ ቢራው በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ይሄን ወሬ ስንት ዘመን በላንበት መሰላችሁ። ለመጣው ሁሉ እኔው ነኝ የማወራው፣ የበረኛውን ፊት እያሳየሁ። አሁን አላወራውም። ሰውዬው ያን ቀን የት እንደነበረ አያውቅም ነበር፤ እኛ ቀልድ አድርገነው ነው።

ጫማ ሰቀለ፣ የስታዲየሙ በር ጠባቂ ሆነ። የከሰሉ ጉድጓድ ተዘጋ። ምንጣፍ የሚደበድብ ጠፋ፤ ሁሉም መጥረጊያ ማሽን ገዛ። ብረቱ ላይ የቀረችው ያቺ ኳስ ብቻ ናት። ክቡርነታቸው በየጠዋቱ ወጥተው «ለጤና ነው» እያሉ ይገጯታል።

መርሳቱ የጀመረው በጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ገዝቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ያንኑ ጋዜጣ ይገዛል። «አሁን ወሰድክ እኮ» ስለው «ለጎረቤት ነው» ይላል። ጎረቤቱ እኔ ነኝ። ቀጥሎ ከስታዲየም ወደ ቤቱ መንገዱ ጠፋበት። እዚህ ጋ ቆሞ ነው የጠፋበት፤ ቤቱ ከኋላዬ አለ! «ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን ለውጦታል» አለኝ። ሳቅኩ። እንደለመድኩት ሳቅኩ፤ ሰበብ ነዋ።

አንድ ቀን ሮስቪታ መስኮቴን ያዘች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«እትዬ ኤርና፣ ሐኪሙ ጭንቅላቱን በማሽን አየው።»

«እና ምን አገኘ?»

«የቦክሰኛ ጭንቅላት ነው የሚመስለው አለ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲመታ የኖረ ነው አለ። ያቺ ኳስ ናት አለ።»

ኤዋልድ ከኋላዋ ቆሞ ይሰማል። «ሐኪሙ ተጫውቶ ያውቃል?» አለ። «ጣቶቹን አላየሽም? የተቀያሪ በረኛ እንኳ እንደዚያ ያለ ጣት የለውም።»

«ኤዋልድ፣ ሰውዬው ስለ ጭንቅላትህ ነው የሚያወራው» አልኩት።

«ጭንቅላቴ ምን ሆነ? ጎል አላገባም?»

ሮስቪታ ኳሷን አውርዳ ደበቀችበት። ያን ቀን ቤቱን ገለበጠው፤ ከዚያ ፍለጋ ወጣ። ፖሊሶች ያገኙት የባቡሩ ሐዲድ ላይ ሲሄድ ነው፣ በነጠላ ጫማ። ምን ታድርግ? መልሳ ሰቀለችለት። ከሐዲዱ ኳሷ ትሻላለች ብለን ተውነው። የሱ ጭንቅላት እንደሆነ አንዴ ተበላሽቷል።

ያና ግን አለች። ያና የልጁ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። እናቷ ሥራ ስትሆን ከትምህርት ቤት እዚሁ ነው የምትመጣው። የሴቶቹ ቡድን ውስጥ ትጫወታለች፤ ምን ሆና? አጥቂ! እሱ ስሟ አንዳንዴ ይጠፋዋል፤ አጥቂ መሆኗን ግን አይረሳም። እጇን ይዞ ኳሷ ፊት ያቆማታል።

«በግንባርሽ! በአናትሽ አይደለም! ዓይንሽን ከጨፈንሽ ኳሷም ትጨፍንብሻለች!»

ዱፍ። ትንሽ ዱፍ ናት፣ የልጅ ዱፍ። ስሰማት በኋላ መስኮቴ ብቅ ብዬ እጮሃለሁ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ልጅቷን ተዋት!»

«እትዬ ኤርና፣ አንቺ ቢራሽን ሽጪ!»

ሮስቪታ ለመነችው፣ እናቷ ጮኸችበት። እሺ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ እሺ ማለቱን ረስቶ ልጅቷን ይጠራል። ያናን ስንከለክላት ደግሞ «አያቴን ደስ ይለዋል» ትለናለች። እውነቷን ነው፤ ያኔ ብቻ ነው የድሮ ፊቱ የሚመለሰው። ምን ልትሏት ትችላላችሁ?

ባለፈው መኸር ዝናብ ሲጥል ሰነበተ። ኳሷ ውሃ ጠጥታ ገመዱን ወጥራዋለች። ያና ከትምህርት ቤት መጣች፣ ቦርሳዋን ጣለች፣ ሮጣ መጥታ በሙሉ ኃይሏ ገጨቻት። ያኛው ዱፍ ትንሽ አልነበረም። ልጅቷ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ደግሞ ትስቃለች። እየሳቀች ዞር ዞር ብላ አየችና፣

«አያቴ፣ ቤታችን በየት በኩል ነው?» አለች።

በሩ ፊቷ ነው ያለው።

ኤዋልድ ዋንጫ ሲያጣ አይቼዋለሁ። እናቱን ሲቀብር አይቼዋለሁ። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም። አልታጠፍ የሚለውን ጉልበቱን አጥፎ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ጭንቅላቷን በሁለት እጁ ያዘ።

«ስምሽ ማነው?»

«ያና።»

«እኔስ ማነኝ?»

«አያቴ ነህ።»

«ያ በር የማን ነው?»

በሩን ትኩር ብላ አየችውና፣ «የኛ» አለች።

አቅፎ አስገብቷት የዳቦ ቢላዋ ይዞ ወጣ። ነፍሴ ልትወጣ ነበር፤ ይሄ ሰው ራሱን ምን ሊያደርግ ነው ብዬ። ገመዱን ቆረጠው። ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ካፖርት ሳይለብስ በዝናብ ዞሮ መስኮቴ ድረስ መጣና አቀበለኝ። ዓይኑ ጥርት ያለ ነበር።

«እትዬ ኤርና፣ ደብቂያት። ነገ መጥቼ ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ።»

«ነገ ስትመጣ ራስህ የሰጠኸኝ ነው እልሃለሁ።»

«ነገ የሚመጣው እኔ አይደለሁም» አለ። «እሱን አትመኚው።»

ልጅቷ፣ ተመስገን፣ በማግስቱ ደህና ሆና ተነሳች። አሁንም ትጫወታለች፣ በእግሯ። እግሯ በአያቷ አልወጣም፤ የምታገባውን ብታዩ!

እሱ በማግስቱ መጣ። «ኳሴን ማን ወሰደ?» እያለ። እኔ ሞኝ እውነቱን ነገርኩት። አንተ ነህ የቆረጥከው፣ ለያና ጭንቅላት ብለህ ነው አልኩት።

«ጭንቅላቷ ምን ሆነ?»

«ያንተ ጭንቅላት እንደሆነው እንዳይሆን።»

«የኔ ጭንቅላት ምን ሆነ?»

ቀና ብዬ አየሁት፤ አያውቅም። ሐኪሙን አያስታውስም፣ ምንም አያስታውስም። ነገርኩት፤ መስኮቴን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። የሚሞት መሆኑን ያን ሰዓት እንደ አዲስ የሰማ ሰው አስቡ። በነጋታው ደግሞ መጣ፤ ደግሞ አያውቅም። «ኳሴን ማን ወሰደ?» ከጀርባው ሮስቪታ ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔም የደጁን ሐዲድ አሰብኩ፤ አሁን ፍለጋ ሊወጣ ነው።

«እኔ ነኝ የሰረቅኩህ!» አልኩት።

ዓይኑ ቦግ አለ። ደረቱ ተነፋ። «አንቺ ሌባ አሮጊት! ባልሽ በርግብ ሊገድለኝ፣ አንቺ በስርቆት!»

«አዎ! ምን ታመጣለህ?»

«ለፖሊስ ነው የምናገረው!»

«ተናገር! ድሮም ስትናገር እንጂ ስታገባ አላየሁህም!»

ይሄውላችሁ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ይመጣል። ወደ ሐዲዱ አይሄድም፤ መሄጃ አለዋ፣ ሌባዋ ጋ። ደንበኛ ፊት ይሰድበኛል። አዲስ የመጡ ሰዎች «እማማ፣ እውነት የሰውዬውን ኳስ ወስደሻል?» ይሉኛል፤ «ወስጃለሁ፣ ቢራ ልስጥህ?» እላለሁ። ኳሷ ባንኮኒው ስር አለች፤ እግሬን አሳርፌባት ነው የምቀመጠው፣ ለቁርጥማቴ ጥሩ ናት። ከሰደበኝ በኋላ ጉንጩ ቀይ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ካፖርቱን አስተካክሎ ሲሄድ ብታዩት፣ ስታዲየም የገባ ነው የሚመስለው። ማልያ ብቻ ነው የጎደለው።

እየደከመ ነው ግን። ስድቡ እያጠረ መጥቷል። «አሮጊት» የምትለው ቃል መውጣት አቅቷት ይታገላታል፤ ቃሏን እኔ ነኝ የማቀብለው።

ትናንት ሳይመጣ መሸ። የመጨረሻው ደንበኛ ሄደ። ጋዜጣውን አሰርኩ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ልዘጋ እጄን ልኬ መለስኩት። ብርዱ ይገባል። የሐዲዱ መንገድ ባዶ ነው። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ እግሩን ሲጎትት ሰማሁት። ሮስቪታ ክንዱን ይዛዋለች። መስኮቱ ጋ ደርሶ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።

«አንቺ... ሌባ» አለ በቀስታ።

«እስካሁን የት ነበርክ?» አልኩት።