የእትዬ ጠጄ ዓሣ ከግጦሹ እንዲወጣ የተወሰነበት ስብሰባ

ይህ በዘመሮ ታሪክ ስለ ዓሣ የተጻፈ የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ነው። ሌላ ካለ እኔ አላየሁም፤ በርግጥ ማንበብ የጀመርኩት ባለፈው ጥቅምት በማታ ትምህርት ስለሆነ ብዙም ያየሁት ነገር የለም።

ቀን፦ ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ዘመሮ፣ የእትዬ ጠጄ ሻይ ቤት

የተገኙ፦
1. አቶ ገብረየሱስ፣ የቀድሞ የጓሳ (የጋራው የሣር መሬት) ጠባቂ፣ ሰብሳቢ
2. መሪጌታ አትናቴዎስ፣ አባል
3. እትዬ ጠጄ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ባለጉዳይ
4. አወቀ፣ ጸሐፊ (እኔ ነኝ)
ያለ ድምፅ የተገኘ፦ ቤታ የሚባል አንድ ቀይ ዓሣ፣ በትንሽ የመስታወት ገንዳ ውስጥ

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሰብሳቢው ደጅ ፈረሳቸውን እያሰሩ “አለሁ!” ስላሉ፣ ድምፃቸው እንደ ሰው ተቆጥሮ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጉዳዩ ማብራሪያ

እትዬ ጠጄ እንዳስረዱት፣ ዓሣው የእህታቸው ልጅ የመምህርት ፅዮን ነው። ፅዮን ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ስትወርድ “አደራ” ብላ ትታላቸው ሄዳለች፤ ነገ ትመለሳለች። ዓሣው ግን ክንፉ ተቀዶ ገንዳው ወለል ላይ ተኝቷል፣ አይበላም። ክንፉን የቀደደው ለጌጥ የገባው የፕላስቲክ አበባ ነው። አበባውን ማን እንዳመጣው ሲጠየቅ፣ ጸሐፊው እሱ እንዳመጣው፣ ከገበያውም ውዱን እንደመረጠ አስመዝግቧል። ፅዮን በስልክ እንደነገረቻቸው፣ ይህ ዓሣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲደክመው የሚያርፍበት፣ ከውሃው ፊት ዝቅ ያለ፣ ለስላሳና ሰፊ ቅጠል ይፈልጋል። ጉባኤው ይህን በጥሞና ሰምቶ ወዲያው ረስቶታል። መሪጌታ፣ ዓሣው ክንፍና ቅርፊት ስላለው ንጹሕ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

አጀንዳ 2፦ ተክል መምረጥ

ሰብሳቢው፣ ውርጭ የማይበግረው የጓሳ ሣር እንዲተከል አሳሰቡ። እትዬ ጠጄ “ጓሳው ዝግ አይደለም እንዴ ጋሼ? ማን ያጭድልዎታል?” አሉ። ሰብሳቢው በጥበቃ ዘመናቸው የስንቱን ማጭድ እንደቀሙ በኩራት ሲዘረዝሩ ቆይተው፣ ነገሩ ወደ ራሳቸው መዞሩ ሲገባቸው ሐሳቡን ራሳቸው ሰረዙ። ጸሐፊው ከገዛ ቤቱ ክዳን ላይ ሣር ለመምዘዝ ፈቃደኝነቱን ገለጸ። መሪጌታ “ያን ሁሉ ዘመን ጭስ የጠጣ ሣር? ውሃው ጠላ መስሎ ይቀራል!” ብለው ተቃወሙ፤ ይልቅስ ቄጤማ ውሃ ውስጥ መቆም የለመደ ነውና እሱ ይሁን አሉ። እትዬ ጠጄ “ገንዳው እኮ ከእንስራ ያንሳል መሪጌታ። ቄጤማው ጣራዬን ሊገፋ ነው?” ቢሉ፣ “ይታጠፋ!” የሚል መልስ ተሰጥቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማንም ቅር እንዳይለው የክዳኑ ሣርም ቄጤማውም እንዲተከል ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ የገንዳው አጠባበቅ

ሰብሳቢው፣ ከብት እየረገጠው የጎለመሰ ሣር እንደሌለ አስታውሰው፣ እንደ ጓሳ ደንብ ገንዳው ለሦስት ዓመት እንዲዘጋና ዓሣው እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ።

እትዬ ጠጄ “ወዴት ነው የሚወጣው?” አሉ።

“ደጅ። ባልዲ ውስጥ።”

“ይሄ የቆላ ዓሣ ነው እኮ! ምድጃ አጠገብ ያስቀመጥኩት ለምን ይመስልዎታል? ውርጭ ላይ ካደረ አለቀለት። ነገ ለልጅቷ ምን ልበላት? ዓሣሽ ሞቷል፣ ሣሩ ግን ደህና ነው?”

ሰብሳቢው “አዎ፣ እንደሱ በያት አንቺ ጠጄ። ሣር ካለ ከብት አይጠፋም” ሲሉ አጽናንተዋቸዋል።

ጸሐፊው ሐሳቡን ደገፈ። ምክንያቱን ሲጠየቅ “በአብላጫ ድምፅ” የሚለውን ባለፈው ሳምንት መጻፍ ስለተማረ መሆኑን አስረዳ። በዚህም መሠረት፣ ባለጉዳይዋ ብቻ ተቃውመው፣ ዓሣው እንዲወጣ በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ የባልዲው ጠባቂ

ባልዲውን ከድመት ማን ይጠብቅ በሚለው ላይ ሰብሳቢውና መሪጌታ አንዳቸው ሌላውን ጠቆሙ፤ ሁለቱም ጸሐፊውን ጠቆሙ፤ ጸሐፊውም እጁ በብዕር መያዙን አመለከተ። በዚህ መሐል እትዬ ጠጄ ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ ተነሥተው የፕላስቲክ አበባውን ነቅለው ጣሉት። መስኮቱ ላይ በጠርሙስ ውሃ ካሳደጉት ሐረግ ላይ፣ ሥር ያበቀለ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ ሥሩን ገንዳው ውስጥ ነከሩ፤ አንዱን ሰፊ ቅጠል ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ አድርገው በክር አሰሩት። ዓሣው ቆይቶ ተነሣ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሳበ፣ ተመልሶም ቅጠሉ ላይ ጋደም አለ። መላው ጉባኤ ቆሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ይህን ተመለከተ።

ሰብሳቢው፣ ቀድሞ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሣሩ ክዳኑ ላይ፣ ቄጤማው ወንዙ ዳር፣ ዓሣውም ባለበት እንዲቀር ጠየቁ፤ ያለ ውይይት ተወሰነ። ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፈረሱ ገመዱን ስለፈታ ተበተነ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ “መላው ጉባኤ ተመለከተ” ያልኩት የኔ ጭማሪ ነው። እኛ ሦስታችን ለገንዳው ጀርባ ሰጥተን በባልዲው ጉዳይ እንጨቃጨቅ ነበር። ዓሣው ሲወጣ ያዩት እትዬ ጠጄ ብቻ ናቸው፤ እኛ ዞር ያልነው “ተመስገን” ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ ነው።