የሀገር ፍቅር በጠመኔ

የሀገራችን የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ የሚነደፈው መሀል ከተማ፣ ከፍ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ ይመስላችሁ ይሆናል። ተሳስታችኋል። በድንበሩ ጦርነት ዘመን ይህ ከባድ ሥራ የሚከናወነው አቃቂ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ ባለው የእኛ ቀበሌ አዳራሽ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ለዚህ ክብር ያበቁን የቀበሌያችን የቅስቀሳ ኃላፊ አቶ ዘአማኑኤል ናቸው። ሰውዬው ከሞጆ አልፈው ባያውቁም ስለ ድንበር የማያውቁት ነገር አልነበረም።

በሚያዝያ ወር የጠሩን ስብሰባ አጀንዳው “በሀገር ወዳድነትና በብሔርተኝነት መካከል ያለውን መስመር በተመለከተ የጋራ ግንዛቤ መጨበጥ” የሚል ነበር። ግንዛቤውን ለመጨበጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ተቀመጥን።

“ሀገር ወዳድ ማለት፣” አሉ አቶ ዘአማኑኤል ማይክራፎኑን መታ መታ አድርገው፣ “አገሩን ከልቡ የሚወድ፣ መንግሥት የያዘውን አቋም ሳያወላውል የሚደግፍ ዜጋ ነው። ብሔርተኛ ማለት ደግሞ…” ወረቀታቸውን ገለበጡ። ጀርባው ባዶ ነበር። “ብሔርተኛም አገሩን ይወዳል። ግን አያስፈቅድም።”

አጨበጨብን። እንዲህ ያለ ጥልቅ ትንታኔ ዩኒቨርሲቲም አይገኝም።

ድምፁ ያለ ማይክራፎን ሳሪስ አቦ ድረስ ይሰማል የሚባልለት ጋሪ ነጂው ፈየራ እጁን አወጣ። “መስመሩ ግን የቱ ጋ ነው? ሳላውቅ እንዳልረግጠው ብዬ ነው።”

ጥያቄው ገንቢ ሆኖ ተገኘ። አቶ ዘአማኑኤል ጠመኔ አስመጡና ከመድረኩ እስከ በሩ ድረስ፣ አዳራሹን ለሁለት የሚከፍል መስመር ወለሉ ላይ አሰመሩ። “እስከ መጨረሻው እንዋጋለን የሚል ሀገር ወዳድ በቀኝ በኩል ይቁም!”

አዳራሹ በሙሉ ወደ ቀኝ ተመመ። አንድ አግዳሚ ተሰበረ፤ ወይዘሮ ዳሲቱ ጫማቸው ጠፋ። በግራ በኩል፣ ከተቀመጡበት ሳይነሡ የቀሩት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ብቻ ነበሩ። ከቀበሌው በር አጠገብ፣ በቆርቆሮ ዳስ ሻይ የሚሸጡ ሴት ናቸው። አምባው የሚባለው አንድ ልጃቸው ጦር ግንባር ከሄደ ዓመት አልፎታል።

“ወይዘሮ ወለተሥላሴ፣ አልሰሙም እንዴ?”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ ይሻገሩ እንጂ!”

“እኔ አገሬን ጠልቼ አይደለም፤ ልጄን ልኬያለሁ። ግን ሽማግሌ ገብቶ፣ ተነጋግረው ቢጨርሱትስ ምናለበት? በየቀኑ የማን ልጅ እንደሚወድቅ የት አውቃለሁ?”

እዚያ ከነበርነው ሁሉ ዘማች ያለው ቤት የእሳቸው ብቻ ስለ ነበር፣ የሀገር ፍቅራቸው እንደሚያጠራጥር ወዲያው ገባን።

“ድርድር የከሐዲ ነው!” ብሎ ፈየራ ጮኸ። የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። አቶ ዘአማኑኤል ስሜታቸው ተነክቶ መሐረባቸውን አወጡ፤ እንዳወጡም የሻይ ዳሱ “ለተሸናፊነት አመለካከት ስርጭት አመቺ ሆኖ በመገኘቱ” እንዲነሣ ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በማግስቱ ቆርቆሮውን ነቅሎ በጋሪው ያጋዘው ፈየራ ነው፤ በሀገር ፍቅር ስሜት፣ በነፃ። ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጣው እዚያው ነበርና ሴትየዋን ቀና ብሎ ለማየት አልቻለም።

“ፈየራ፣ ብርጭቆዎቹን ቀስ አድርገህ ጫናቸው። መንገዱ ይንጣል፤” አሉት።

“እሺ፣ እትዬ፤” አለ። ያን ቀን ድምፁ ለእኛም ሳይሰማን ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ቤታቸው ዋሉ። የአምባው ወሬ ጠፋ። ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፍት ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ዜናው ሲያልቅ ይመለሳሉ። እኛ ግን እየፎከርን አጽናናናቸው።

ክረምት ሲገባ ያልታሰበ ነገር ሆነ፤ ተኩስ ለማቆም ተፈረመ። አቶ ዘአማኑኤል ዜናውን በሰሙ ዕለት አመማቸው። ብርቱ ሰው ናቸውና በሳምንቱ አዲስ ወረቀት ይዘው ተነሡ። አጀንዳው “የሰላም ፋይዳና የጀግኖች አቀባበል ዝግጅት” ነበር።

“ሕዝባችን፣” አሉ፣ “ከጥንት ጀምሮ ለድርድር የማያወላውል አቋም ነበረው!” የደበዘዘውን መስመር በጠመኔ አደመቁት። “ሰላም ወዳድ የሆነ ሀገር ወዳድ በግራ ይቁም!”

ተሻገርን። ልምድ ስለ ነበረን በዚህኛው ጊዜ አግዳሚ አልተሰበረም። በቀኝ በኩል አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ፈየራ ዱከም አጠገብ ዘመዶቹን እርሻ ሲያግዝ ከርሞ፣ ያን ዕለት ጠዋት መመለሱ ነው። እዚያ ሬዲዮ አልነበረም።

“እስከ መጨረሻው እንዋጋለን! ድርድር የከሐዲ ነው!”

“ፈየራ! ይህ ጭፍን ብሔርተኝነት ነው!”

“እርስዎ ያሉትን እኮ ነው!”

“እኔ ያልኩት በሚያዝያ ነው። አሁን ሐምሌ ነው!”

ፈየራ ግንባሩን አከከ። “ታዲያ እትዬ ወለተሥላሴ ልክ ነበሩ ማለት ነው?”

“አልነበሩም! መመሪያ ሳይወርድ ልክ መሆን ሥርዓት አልበኝነት ነው።”

እንደ ሚያዝያው በግራ በኩል የተቀመጡት ወይዘሮ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። “ልክ መሆኑ ይቅርብኝ። ቦታዬን ትመልሱልኛላችሁ?”

“ቦታው ላይ እኮ የዘማች ቤተሰብ መርጃ ጽሕፈት ቤት ተሠርቶበታል።”

“እኔስ የዘማች ቤተሰብ አይደለሁም?”

“ነዎት። ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ያመልክቱ።”

“ኃላፊው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ይኸው፣ አመለከትኩ።”

“አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ።”

ሴትየዋ ወደ በሩ አመሩ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ስለ ነበር የውጪውን ንግግር እሰማለሁ። ክራንች የተደገፈ፣ የወታደር ካፖርት የለበሰ አንድ ወጣት፣ ዘበኛው አላስገባ ብሎት ይከራከራል።

“ነገርኩህ እኮ! ስለ ጀግኖች አቀባበል እየተወያዩ ነው፤ የጥሪ ወረቀት ከሌለህ አትገባም።”

“እኔ ስብሰባ አልፈልግም፣ ወንድሜ። እዚህ ጥግ ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። እናቴ ናት። ቤቷ ተዘግቷል፣ ዳሷም የለም፤ የት እንደሄደች ንገረኝ ነው የምልህ።”

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ደጃፉ ላይ ቆሙ። ተጠግተው ፊቱን ዳሰሱ፤ ትከሻውን፣ እጁን ዳሰሱ፤ ዝቅ ብለው የታጠፈውን የሱሪውን እግር አዩና ዓይናቸውን ጨፈኑ። “መጣህልኝ፣” አሉ። ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። ፈየራ ከአዳራሹ ሮጦ ወጣና ልጁን ከነክራንቹ አቅፎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ጀመር። አላፊ አግዳሚው ሴት ሁሉ እልልታውን ተቀበለ።

አቶ ዘአማኑኤል በዚያች ቅጽበት “ስለዚህ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲያችን ትክክለኛነት…” ከሚለው ላይ ደርሰው ነበር። እልልታውን ሲሰሙ ንግግራቸውን አቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

“ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፣” አሉ። “ሕዝቡ በእልልታ አጽድቆታል።”

እኛም አጨበጨብን።