ምጧ ያልተቆጠረላት አራስ

ዛሬ ሴቱ በቀጠሮ ይወልዳል አሉ። ሐኪሙ ቀን ይቆርጥላታል፣ እሷ ጸጉሯን ተሠርታ ትሄዳለች። ይቅናቸው። እኔ በደርግ ጊዜ ሆዴን ተቀድጄ ስገላገል ግን አገሩ "ወለደች፣ አልወለደችም" ብሎ ሸንጎ ተቀምጦብኛል። እውነቴን ነው፤ ብጨምርበትም ትንሽ ነው።

መንደራችን ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ሁለት ቀን አምጬ አልወጣ ሲል፣ ስምንት ጎረምሳ በቃሬዛ ተሸከመኝ። መኪና መንገድ እስክንደርስ ሦስቱ ከኔ ብሰው ያቃስቱ ነበር። ከተማ ሐኪም ቤት በማደንዘዣ አስተኝተው ልጄን በሆዴ አወጡልኝ። ስነቃ የተጠቀለለ ነገር አስታቀፉኝ። "የማን ነው?" አልኩ። ምን ላድርግ፣ ሲወጣ አላየሁ፣ ሲያለቅስ አልሰማሁ። ገልጬ ባየው የአማቴን አፍንጫ ይዟል። እንዲያ ያለ አፍንጫ ላስታ ውስጥ ሌላ የለም። እንዳልተለወጠብኝ አወቅሁ፤ አፍንጫው ግን ቅር አለኝ።

ሐኪሙ "ሦስት ወር ከባድ ነገር እንዳታነሺ፣ ስፌቱ ይፈታል" ብሎ አስጠነቀቀኝ። እሱ አማቴን የት ያውቃል?

አማቴ ዘጠኝ ወልደዋል፤ ምጥን እንደ ርስት ነው የሚቆጥሩት። ጎረቤት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊለኝ ሲመጣ በር ላይ ቆመው፣ "እሷማ ተኝታ ነበር፣ ያማጠው ሐኪሙ ነው" ይላሉ። "ያ ሁለት ቀንስ?" ብላቸው፣ "ያልታጨደ ማሳ ነዶ አይቆጠርለትም" አሉኝ። የአራስ ገንፎውም ወገቧ ለተፈታ ነው ተብሎ ቀረብኝ። እሳቸው በሉት። ክፋቱ፣ እኔም አመንኳቸው። ልጄን ሳጠባ የሰው ንብረት የሰረቅሁ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እንዳለን የገበሬ ማኅበሩ ለእርከን ሥራ ጠራ። ከየቤቱ ሁለት ሰው፣ ድንጋይ ሸክም። አራስ፣ ልጇ ክርስትና እስኪነሳ፣ ነፃ ናት። ባሌ ስብሰባው ላይ ሚስቴ አራስ ናት ቢል፣ እናቱ ብድግ አሉ። እኔ ከቀረሁ የሚሄዱት እሳቸው ናቸዋ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘጠኝ የወለድኩ ሴት ነኝ። ይቺ አልወለደችም፤ ወጥቶላት ነው።"

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። መመሪያው ላይ የለም። አንዱ፣ "ካድሬው ይጠየቅ" አለ። ሌላው "ቄሱን..." ብሎ ጀመረና ቃሉን መልሶ ዋጠው። በመጨረሻ "ለጊዜው ትሰለፍ፣ ከከበዳት ይታያል" ወደ ማለት አዘነበሉ። ምኑ ነው የሚታየው? አንጀቴ?

ልጄን ታቅፌ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ልጁን ለአማቴ አስታቀፍኩ። መቀነቴን ፈትቼ ቀሚሴን ገለብኩና፣ ከእምብርቴ ቁልቁል እንደ ጆንያ አፍ የተሰፋሁትን ለጉባኤው አሳየሁ። ያን ጊዜ ለራሴም ገባኝ፤ በዚህ በር ያለፈ ልጅ የሌላ የማን ሊሆን ነው? ወንዱ ሁሉ መሬት መሬት ማየት ያዘ። ሊቀመንበሩ በመዝገቡ ፊቱን ጋርዶ፣ "አራስ ነሽ እህቴ፣ አራስ ነሽ፣ ስለ እግዜር ተሸፈኚ" አለ። አብዮቱንም ረሳው።

ድንጋዩን አማቴ ተሸከሙት። እስኪሞቱ ድረስ "ነውረኛ፣ ሴት ልጅ ገላዋን ትሸፍናለች" እንዳሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ብሸፍነው ኖሮ፣ የቀረውን አፈር ይሸፍንልኝ ነበር።