የአያ ፈንቴ ክንድ

ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁሉ በግድ ተዳፋት ሥር ይኑር! ምነው ሳቃችሁ? የምሬን ነው። ለካብ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤት ተመላለስን እያላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ... ኧረ እናንተ ምኑን አይታችሁ! ለካብ ፈቃድማ ጣሊያንን የለመንን እኛ!

ያኔ ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ቁልቁለት ላይ ጎጆ ቀልሼ ከባለቤቴ ከእናኑ ጋር እኖር ነበር። ከጓሯችን በላይ ያለው አፈር ክረምት በመጣ ቁጥር እየተናደ ይወርድብናል። አምና ማድቤታችንን በልቶታል፤ ዘንድሮ የቀረው መኝታችን ነው። እናኑ ደግሞ እርጉዝ ናት።

"ዘንድሮ ካብ ካልካብህ አባቴ ቤት ሄጄ እቀራለሁ፤ አንተ ከጭቃህ ጋር ክረም!" አለችኝ። ቁርጤን አወቅሁ።

ችግሩ፣ ጣሊያን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ ካየ አርበኛ የመሸገ ነው የሚመስለው። ያለ ፈቃድ የካበ ወዮለት! ፈቃድ ሰጪው ሹም ከእኛ ግርጌ፣ ከሰው በነጠቀው ቤት ይኖር ነበር። ሄጄ እጅ ነሣሁ። በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀኝ።

"ካቡ ለምንድን ነው?"

"ለጭቃ ነው ጌታዬ።"

"ለጭቃ ነው ወይስ ለሽፍታ?"

"ኧረ ለጭቃ! ጭቃ ጠመንጃ የለውም ጌታዬ!"

ተንሾካሾኩና "ከሦስት ክንድ እንዳይበልጥ! ሰው እንዳይደበቅበት!" አሉኝ። ልብ በሉ፤ የማን ክንድ እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም... ሞኝ ነኝ?

እኛ አገር ጨርቅ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ ሰው ከዘመዱ ሁሉ ክንደ ረጅሙን ይዞ ነው የሚሄደው። የእናኑ ታላቅ ወንድም አያ ፈንቴ ደግሞ ለዚሁ የተፈጠረ ሰው ነው፤ ሳያጎነብስ ጉልበቱን ያካል! የሠፈሩ ሰው አቡጀዲ የሚገዛው በእሱ ክንድ ነው። ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት ጨርቃቸውን ይጠቀልላሉ።

ደቦ ጠራን። አያ ፈንቴ እየለካ፣ እኛ እየካብን፣ ጠላው እየተቀዳ... ምን አለፋችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አከለ!

ሹሙ ሊያይ መጣ። አንዱን ድንክ ወታደር ከካቡ ኋላ ቁም አለው። ከኋላው ገና አፈር አልሞላንበትም ነበርና ወታደሩ ገባ... ጠፋ! ቆቡ እንኳ አልታየም።

"ሦስት ክንድ ነው ጌታዬ" አልኩ። "ይኸው ክንዱ!"

አያ ፈንቴ እጁን ዘረጋ። ሹሙ ክንዱን አየ፣ ካቡን አየ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ያንኑ ድንክ ወታደር ጠርቶ በእሱ ክንድ አስለካና ትርፉን በሙሉ አፍርሱ አለን። ደቦ የካበውን በገዛ እጃችን ናድነው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" የሚባለው ያኔ ገባኝ። እናኑም ጓዟን መሸከፍ ጀመረች። አንጀቴ አረረ እላችኋለሁ!

ሳትሄድ ሐምሌ ደረሰባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። እኛ ወደ ደጅ ሮጠን ስንወጣ ጭቃው ያንን አጭር ካብ ተሻገረ፣ ጓዳችንን ገምሶ ቁልቁል ወረደ። ቁልቁል ያለው ደግሞ ማነው?

ብዙም አልቆየ፤ ሹሙ አንድ ጫማውን ጭቃ አስቀርቶበት፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ እየጮኸ ዳገቱን ወጣ። አስተርጓሚው ከኋላው ያለከልካል።

"አሁኑኑ መልሳችሁ ካቡ ይላችኋል!"

እኔ ድንጋይ ላነሣ ጎንበስ አልኩ። እናኑ ግን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች።

"እስቲ ይጠይቁልን፤ ስንት ክንድ?"

"ሦስት!"

"በማን ክንድ?"

አስተርጓሚው ጠየቀላት። ሹሙ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ ዙሪያውን ቃኘና፣ አያ ፈንቴ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

"በዚያ በረጅሙ!"