ከነጫማዬ መቶ ሠላሳ ሁለት

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ የሌላውን አፍ የሚጠብቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱ ራሱ ሲበላ ያየው የለም። እኔ በሠራሁበት፣ አሜሪካ ኢንዲያና ባለው የፓይ ፋብሪካ ይህ ሰው ክቡር ሚስተር ዴልማር ነበሩ፤ የሠራተኛ ጤና ተቆጣጣሪ፣ እንደ መጥረጊያ እንጨት የቀጠኑ፣ ጫማቸው ድምፅ የሌለው።

ፓይ የምንለው ፍራፍሬ የተሞላ ኬክ ሲሰበር ለሠራተኛ በነጻ ነበር። እጄን ልሰድ ስል ከጆሮዬ ሥር የሚንት ከረሜላቸው ይሸተኛል፤ ከዚያ ቀስ ያለ ድምፅ፣ "አየሁሽ።" ዞር ስል ኮሪደሩ ባዶ ነው። ቨርሊን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በምርት መስመራችን ከሁላችን ወፍራሟ እሷ ነበረች፤ "ይሄ ሰውዬ በግድግዳ ውስጥ ነው የሚሄደው" ትል ነበር። አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ቆልፋ ስትበላ ከበሩ ውጭ "አየሁሽ" ሲባል ሰማች። በተዘጋ በር እንዴት እንዳዩዋት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በየወሩ አንድ ሰኞ ጠዋት እንመዘናለን። አንድ በአንድ አይደለም፤ መስመሩ በሙሉ፣ ዱቄት በሚመዘንበት የወለል ሚዛን ላይ እንደ በግ ተጠጋግተን። ባለቤቱ ሚስተር ክሮል የሠራተኛ ጤና ኢንሹራንስ ወጪ አንገብግቧቸው ያመጡት ነገር ነው። "አንድ ወፍራም ሠራተኛ የሁለት ሰው ያስወጣኛል" ይሉ ነበር። መስመሩ ከተወሰነለት ክብደት ከበለጠ ከመካከላችን ከባዱ ይሰናበታል። ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቨርሊን ከተባረረች ኢንሹራንሱ ይቀራል፣ የስኳር መድኃኒቷም አብሮ።

ሚስተር ዴልማር ሁላችንም ሚዛኑ ላይ እስክንወጣ የሚዛኑን ቁጥር በጀርባቸው ጋርደው ይቆማሉ።

"እኔን እዩ። ከነጫማዬ መቶ ሠላሳ ሁለት ፓውንድ።"

"እርስዎንማ ነፋስ ነው የሚወስድዎት" ትላለች ቨርሊን።

"አንቺን ግን አይደፍርሽም፣ እመቤቴ። በይ ውጪ።"

እንወጣለን። ለጥቂት እንተርፋለን። ሁልጊዜ ለጥቂት። ሳምንቱን ሙሉ በፍርሃት እህል ያልቀመሰችው ቨርሊን ያን ቀን አንድ ፓይ ብቻዋን ትጨርሳለች።

አንድ ሰኞ ስንገባ፣ ሚስተር ዴልማር ትናንት በእንቅልፋቸው አረፉ ተባለ። ሚስተር ክሮል "መመዘኑ አይቀርም" ብለው ራሳቸው መጡ። ኮሪደሩ ከወትሮው ይበርዳል። ቨርሊን እጄን ጨበጠችኝ።

"ሚንቱ ሸተተሽ?"

"ዝም በይ" አልኳት። እኔንም ሸቶኛል።

ሚስተር ክሮል መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሲፈልጉ ባዶውን ሚዛን አየሁት። ቀዩ ቁጥር ዜሮ አልነበረም። ከዜሮ በታች መቶ ሠላሳ ሁለት ይላል።

ዱቄት ስንመዝን የምናውቀው ነገር ነው። ባዶ በርሜል ሚዛኑ ላይ አስቀምጠሽ የዜሮ ማድረጊያውን ቁልፍ ከተጫንሽ፣ ሚዛኑ በርሜሉን ይረሳውና ዜሮ ይላል። በርሜሉን ስታነሺው የጎደለውን ያሳይሻል። ሚስተር ዴልማር ደግሞ ከመመዘናችን በፊት ባለው ዓርብ "ሚዛኑን ላዘጋጅ" ብለው ብቻቸውን ይቀሩ ነበር። ለካስ ራሳቸው ይቆሙበትና ቁልፉን ተጭነው ይወርዱ ኖሯል። በየወሩ እሳቸውን የሚያህል ክብደት ከላያችን ያነሱልን ነበር።

ቨርሊንም አይታዋለች። ቀድማ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ እኛም ተከተልናት። ሚስተር ክሮል መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አዩ፣ ቨርሊንን አዩ፣ ደግመው ቁጥሩን አዩ። ለጥቂት ተርፈናል።

"ደህና" አሉ። "ወደ ሥራችሁ።"

ዱቄቱ ከመምጣቱ በፊት ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ ያን ቀን ለእኔ ደረሰ፤ እስከዚያ ሚስተር ዴልማር ራሳቸው ያደርጉት ነበር። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ፤ ሰው በእጄ የምቀብር መሰለኝ። ከመጫኔ በፊት ወደ ባዶው ኮሪደር ዞርኩና ቀስ ብዬ፣

"አየሁዎት" አልኩ።

ከግድግዳው በኩል ከረሜላ ሲቆረጠም የሰማሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ፣ ቨርሊን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ፣ ከመመዘናችን በፊት ባለው ዓርብ ሁሉ ሚዛኑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጫማዬንም አውልቄ አላውቅም።