የጋሼ ክንፈ የጭንቅላት ትምህርት

በየሰፈሩ ያልጠየቁትን የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለሸዋ ሮቢቶች የደረሱን ሊቀ ሊቃውንት ጋሼ ክንፈ ናቸው፤ በጡረታ የተገለሉ የባዮሎጂ መምህር። ዝናብ ሲቀር ለምን እንደቀረ፣ ሽንኩርት ሲረክስ ለምን እንደረከሰ፣ ሽንኩርት ነጋዴው ጎረቤታቸው እኔ ቆሜ ለእኔው ያስረዱኛል።

ዋናው ትምህርታቸው ግን ጭንቅላት ነው። «የሰው አንጎል በሁለት ሚሊዮን ዓመት ሦስት እጥፍ አደገ» ይላሉ፣ ራሳቸው ያሳደጉት ይመስል። አንድ ቀን የልብስ ሰፊውን የከቢርን ሜትር ተቀብለው የገዛ ጭንቅላቱን ለኩለት። ከቢር ደስ ብሎት «ስንት መጣ ጋሼ?» ቢል፣ «ትልቅ ነው፤ የዝሆን ግን ይበልጣል» አሉት። ሱሪያቸውን አንድ ወር አቆየባቸው።

ሲያበቁ ሁልጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «የራስ ቅል አጥንት ነው፣ አይለጠጥም። አንጎል ካበጠ መሄጃ የለውም።» ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ይህንኑ ነው።

እሳቸውን ዝም የሚያሰኙ ባለቤታቸው እትዬ ቆንጅት ብቻ ነበሩ። «ኧረ እስቲ ሰውም ይናገር» ሲሏቸው ቀስ ብለው ይቀመጣሉ።

ባለፈው በጋ እትዬ ቆንጅትን ትኩሳት ያዛቸው። «ማጅራቴን ጨምድዶ ያዘኝ» አሉ። ጋሼ ክንፈ ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ «ወባ ናት፤ ማጅራቱ የትራሱ ነው» ብለው ካለፈው ዓመት የተረፈ ኪኒን ሰጧቸው። እኛ ቆለኞች ትኩሳትን በሌላ ስም አናውቀውም። እኔም «አዎ፣ ወባ ናት» ብያለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ባለቤቴ ሰይዳ ውሃ ልታጠጣቸው ራሳቸውን ቀና ብታደርግ አንገታቸው አልታጠፍ አለ። «ሙሀሲን፣ ባጃጅ ጥራ። ይቺ ወባ አይደለችም» አለችኝ። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ነው አለን፤ የአንጎላቸው ሽፋን ተቆጥቷል። ጋሼ ክንፈ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «መሄጃ የለውም፣ መሄጃ የለውም» ሲሉ ሰማኋቸው።

እትዬ ቆንጅት ዳኑ፣ አልሐምዱሊላህ። ጆሯቸው ግን ላይመለስ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ክንፈ አያስረዱም። ትኩሳት ይዞኛል ያላቸውን ሁሉ «ተመርመር» ብለው ያልፉታል። ስንት ዓመት ዝም ባሉልኝ እያልኩ የኖርኩ ሰውዬ፣ አሁን ዝምታቸው አንጀቴን ይበላኛል። ትናንት ሆን ብዬ «ጋሼ፣ የዶሮ አንጎል ስንት ይመዝናል?» አልኳቸው። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ምሳ አልበላ አለኝ።

ባልና ሚስቱ አሁን የሚነጋገሩት በደብተር ነው። ዛሬ ጠዋት ጋሼ ክንፈ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። መነጽራቸው ላይ ተቀምጠውበት ሰብረውታል።

«የመለሰችልኝን አንብብልኝ» አሉ ደብተሩን እያቀበሉኝ።

ከላይ እሳቸው በዳበሳ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፈዋል፤ «ማጅራቴን ስትዪኝ ሰምቼሽ ነበር። አላዳመጥኩሽም።» ከሥሩ የእትዬ ቆንጅት ደቃቅ ጽሕፈት አለ። ደብተሩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ።

«ምን ትላለች?»

«አውቃለሁ ይላል፣ ጋሼ። ግባና ቁርስህን ብላ ይላል።»